ይፋዊውን ቅጽ እንጥቀስ ወይስ ያነበብነውን ቅጂ?

የመነሻ ጽሑፍ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ለአንባቢ የሚደርሰው በአንድ ጊዜና በአንድ መልክ አይደለም። በተነገረበት ዕለት ለብቻው ይወጣል፤ ቆይቶ ከሌሎች ውሳኔዎች ጋር በጊዜያዊ ህትመት ይሰባሰባል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ «ዩናይትድ ስቴትስ ሪፖርትስ» በተባለው የፍርድ ቤቱ ይፋዊ ተከታታይ ህትመት ተጠርዞ ይታተማል። ከዚህ ጎን ለጎን የግል አሳታሚዎች በየራሳቸው የቅጽና የገጽ ቁጥር ያትሙታል፤ በክፍያ የሚሠሩ የሕግ ዳታቤዞችም ይጭኑታል። በሌሎች አገሮች ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ የሕግ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ከእነዚህ ሁሉ መካከል በግርጌ ማስታወሻው ላይ የትኛውን ያስፍር?

የእኔ አቋም አጭር ነው። ማጣቀሻ የሚያስቀምጥ ሰው እነዚህን ቃላት በዚህ ቦታ አይቻለሁ ብሎ መመስከሩ ነው። ስለዚህ ይፋዊውን ቅጽ፣ ማለትም ተጠርዞ የታተመውን መጽሐፍ፣ መጥቀስ የሚፈልግ ይፋዊውን ቅጽ ከፍቶ ያንብብ፤ ያነበበው ከዳታቤዝ ከሆነም ዳታቤዙን ይጥቀስ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ከኮምፒውተር ላይ አንብቦ፣ ፈጽሞ ያልተገለጠን መጽሐፍ ገጽ መጥቀስ ነው። ይህን ልማድ የሚደግፍም የሚቃወምም ምክንያቱን እንዲያቀርብ ጠየቅሁ። የመጡትን መልሶች ከዚህ በታች በየተራቸው አስፍሬያለሁ፤ የወሰድኩት ፍሬ ነገራቸውን ነው እንጂ ቃላቸውን አይደለም። ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ጀምረው፣ ጥያቄው መነሳቱን ካመሰገኑ በኋላ፣ ማጣቀሻ የሚጻፈው ለአንባቢ መሆኑን አስታወሱ። አንባቢው የትኛው ዳታቤዝ ደንበኛ እንደሆነ ጸሐፊው አያውቅም፤ ይፋዊው ቅጽ ግን ለሁሉም የጋራ ነው። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት ብሉቡክ የተባለው የማጣቀሻ መመሪያም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በይፋዊው ቅጽ ከወጣ እሱ እንዲጠቀስ፣ ካልወጣ ደግሞ ወደ ግል አሳታሚዎቹ ህትመቶች በቅደም ተከተል እንዲኬድ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው ሲሉ አብራሩ። ጸሐፊው ምን እንዳነበበ መናገር ከፈለገ በተጨማሪ ሊናገር ይችላል፤ ዋናው ግን አንባቢው ቦታውን ማግኘቱ ነው አሉ።

መልስ 2

ሁለተኛው መላሽ ጠበቃ እንደሆኑ ገልጸው፣ አቋሜ ከሥራው ዓለም የራቀ መሆኑን ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። ዳታቤዞቹ በጽሑፉ መሐል በኮከብ ምልክት እያደረጉ ይፋዊው ቅጽ ገጽ የሚቀየርበትን ቦታ ያሳያሉ፤ ስለዚህ መጽሐፉን ያልገለጠ ሰውም ትክክለኛውን ገጽ መጥቀስ ይችላል። በእሳቸው ቢሮ የተጠረዙት ቅጾች መደርደሪያ ላይ ያሉት ለጌጥ ያህል ነው፤ አዲስ የተቀጠረ ጠበቃ አንዱን ለማውረድ ሲሞክር አቧራው ስላስነጠሰው ባልደረቦቹ ለወራት እንደሳቁበት ተረኩ። ጽሑፉ አንድ ከሆነ ከየት ተነበበ የሚለው ጥያቄ ፋይዳ የለውም ብለው ዘጉ።

መልስ 3

ጽሑፉ አንድ ከሆነ የሚለው ግምት ላይ ሦስተኛው መላሽ አንድ የታወቀ ጉዳይ አቀረቡ። በዚህ የውይይት ክር ውስጥ ካሉት መልሶች ሁሉ ይህን አብልጬ ስለምመለከተው ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሚያዝያ 29 ቀን 2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱና ኢኤምኢ ሆመር ሲቲ በተባለው የኃይል አመንጪ ድርጅት መካከል በነበረው ክርክር ውሳኔ ሰጠ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ከብዙኃኑ ውሳኔ ተለይተው በጻፉት የልዩነት ሐሳባቸው ላይ፣ መሥሪያ ቤቱ የአየር ብክለት ደንቦችን ሲያወጣ ወጪን ላስላ ማለቱ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ለማሳየት በ2001 የተወሰነውን የዊትማንን ጉዳይ ጠቀሱ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነበር፤ በዊትማን ጉዳይ ወጪ ይታሰብልን ያሉት የጭነት መኪና ማኅበራቱ ሲሆኑ መሥሪያ ቤቱ የተከራከረው በተቃራኒው ነው። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ የ2001ዱን ውሳኔ የጻፉት ራሳቸው ስካሊያ መሆናቸው ነው። ስሕተቱ በሕግ ምሁራን ዘንድ ወዲያው ስለታወቀ የፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው ቅጂ በፍጥነት ተተካ፤ መሥሪያ ቤቱን የሚነቅፈው የክፍሉ ርእስ እንኳ ሳይቀር ተለውጦ ስለ ቀደመ ውሳኔ ብቻ የሚናገር ደረቅ ርእስ ሆነ።

መላሹ ከዚህ ያወጡት መደምደሚያ እንዲህ የሚል ነበር፦ ውሳኔው በተነገረበት ዕለት አውርዶ ያስቀመጠ ሰውና ከሳምንታት በኋላ ያወረደ ሰው የያዙት ጽሑፍ አንድ አይደለም፤ ሁለቱ ግን በጉዳዩ ስም፣ በመዝገብ ቁጥሩና በዓመቱ ብቻ ቢጠቅሱ ማጣቀሻቸው ፍጹም አንድ ይሆናል። ሕጉን ለማስረዳት የሚጽፍ የታረመውን ይጥቀስ፤ ስለ ስሕተቱ የሚጽፍ ግን የመጀመሪያውን ቅጂ ከወጣበት ቀን ጋር መጥቀስ አለበት፤ አለዚያ አንባቢው ሄዶ ሲያይ ስሕተት የተባለውን ያጣዋል።

መልስ 4

አራተኛው መላሽ ሦስተኛውን በአንድ ነጥብ አረሙ። ጉዳዩ ጎልቶ የታየው ስሕተቱ ስላሳፈረ ነው እንጂ ማስተካከሉ እንግዳ ነገር አይደለም አሉ። በዕለቱ የሚወጣው ቅጂ ገና በመጀመሪያው ገጹ ላይ ከመታተሙ በፊት ሊታረም እንደሚችል ይናገራል፤ አንባቢም የፊደል ወይም ሌላ የቅርጽ ስሕተት ካየ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ችግሩ ከፊደል ያለፈ ለውጥ ሳይታወጅ ይደረግ የነበረ መሆኑ ነው። የሃርቫርዱ የሕግ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ላዛረስ በ2014 ይህንኑ ልማድ በሰፊው ካጋለጡ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ ከጥቅምት 2015 በጀመረው የሥራ ዘመን በድረ ገጹ ላይ ያለ ውሳኔ ሲቀየር የተቀየረበትን ቀንና ለውጡን ማሳየት ጀመረ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ቀኑን መጥቀስ ቀላል ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ላሉት ግን አስተማማኙ የተጠረዘው ቅጽ ብቻ ነው በማለት መልስ 1ን ደገፉ።

መልስ 5 እና 6

አምስተኛው መላሽ ነገሩን ወደ 1857 መለሱት። ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ ባሪያው ድሬድ ስኮት ነፃነቱን በጠየቀበት ጉዳይ የፍርድ ቤቱን ሐሳብ በችሎት ካነበቡ በኋላ፣ ከመታተሙ በፊት ጨምረውና አሻሽለው እንደነበር፣ የልዩነት ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ ቅጂውን ሲጠይቁም እንደተከለከሉ አስታወሱ። ስድስተኛው ደግሞ ከርቲስ በዚያው ዓመት ፍርድ ቤቱን መልቀቃቸውን ጠቅሰው፣ የለቀቁት በዚህ ጠብ ነው ወይስ በሌላ ምክንያት ወደሚለው ወሰዱን። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ጥያቄያችንን ግን አይመልስም።

መልስ 7

ቀጣዩ መላሽ ለእኔ አቋም ትልቅ ፈተና የሆነ ነገር አመጡ። በእንግሊዝ ምርጫው ለጸሐፊው የተተወ አይደለም። በ2012 የወጣው ስለ ማጣቀሻዎች የሚደነግገው የፍርድ ቤቶች መመሪያ፣ ውሳኔው «ሎው ሪፖርትስ» በተባለው ህትመት ከወጣ ለችሎት መቅረብ ያለበት እሱ እንደሆነ ያዛል። በዚያ ከሌለ «ዊክሊ ሎው ሪፖርትስ» ወይም «ኦል ኢንግላንድ ሎው ሪፖርትስ»፣ ከዚያም የየዘርፉ ልዩ ህትመቶች ይከተላሉ፤ ያልታተመው የፍርድ ቅጂ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱም ክብር ብቻ አይደለም ሲሉ አስረዱ። ከ1865 ጀምሮ የሚታተመው ይህ ተከታታይ ህትመት ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉን ዳኞቹ ያዩታል፤ የጠበቆቹንም ክርክር ጠቅለል አድርጎ ይይዛል። አንድ ነጥብ በችሎት ተከራክረውበት የተወሰነ ይሁን ወይም እግረ መንገዱን የተነገረ ለመለየት የጠበቆቹ ክርክር ትልቅ እርዳታ አለው፤ ይህን ደግሞ ከድረ ገጽ የሚወርደው ጥሬ ፍርድ አይሰጥም።

አያይዘውም ከ2001 ጀምሮ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ለውሳኔዎቻቸው ከየትኛውም አሳታሚ ጋር ያልተያያዘ መለያ ቁጥር መስጠት እንደጀመሩ፣ አንቀጾቹም እንደሚቆጠሩ ገለጹ። በመሆኑም የዘመኑን ውሳኔ የሚጠቅስ ሰው በገጽ ፈንታ አንቀጹን ቢጠቅስ፣ አንባቢው ማንኛውንም ቅጂ ቢከፍት ቦታውን አያጣውም። በ1932 የተወሰነውን የዶነሂውንና የስቲቨንሰንን ጉዳይ የሚጠቅስ ግን ይህ ዕድል የለውም። ጉዳዩ ከስኮትላንድ የመጣ በመሆኑ በለንደኑም በስኮትላንዱም ህትመት ወጥቷል፤ ገጾቹ ይለያያሉ፤ የተከራካሪዋ ስም አጻጻፍ እንኳ አንድ ወጥ አይደለም።

መልስ 8

ስምንተኛው መላሽ ትሕትናን ወደ ጎን ብለው፣ መልስ 7 ሁለት ጥያቄዎችን አደባልቋል ሲሉ ጻፉ። የአንቀጽ ቁጥር ቦታን ይጠቁማል እንጂ በዚያ ቦታ የሠፈሩት ቃላት አንድ ስለመሆናቸው ዋስትና አይሰጥም፤ አንቀጽ 47 ቢታረምም አንቀጽ 47 መባሉን አይተውም። እንዲያውም ይህ ለአንባቢ ሐሰተኛ መተማመን ይሰጣል አሉ። የገጽ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ቢያንስ የትኛውን ህትመት እንደያዘ ሳይወድ በግድ ያሳውቃል፤ ለሁሉም ቅጂ የሚያገለግል መለያ የሚጠቅስ ሰው ግን የያዘውን ቅጂ ይሸሽጋል። አነጋገራቸው ቢጎመዝዝም ነጥቡ በቀላሉ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች መለያ ቁጥሩን አስቀድመው የታተመውን ህትመት ከኋላው የሚያስከትሉት ይህን ክፍተት ስለሚደፍንላቸው ይመስለኛል።

መልስ 9

እዚህ ላይ ክሩ ያልጠበቅሁትን አቅጣጫ ያዘ። ዘጠነኛው መላሽ፣ ይፋዊውን ቅጽ ከፍቶ ያነበበ ሰው ራሱ ሊሳሳት እንደሚችል በ1886 በተወሰነው የሳንታ ክላራ አውራጃና የሳውዘርን ፓሲፊክ ባቡር ኩባንያ ጉዳይ አሳዩ። በይፋዊው ቅጽ ላይ ከፍርዱ በፊት ያለው የጭብጥ ማጠቃለያ፣ ኩባንያዎች በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የእኩል ጥበቃ መብት ካላቸው ሰዎች ይቆጠራሉ ይላል። ይህን የጻፈው ውሳኔዎችን የማሰናዳት ሥራ የነበረው ባንክሮፍት ዴቪስ ነው፤ መነሻውም ዋና ዳኛው ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት በቃል የተናገሩት ነው። የፍርዱ ሐተታ ግን ጉዳዩን በሌላና በጠበበ ምክንያት ስለቋጨው ይህን ነጥብ አልወሰነም። ያም ሆኖ ማጠቃለያው እንደ ፍርድ እየተጠቀሰ ኖረ። በ1906 ያው ፍርድ ቤት በዲትሮይት ቲምበር ጉዳይ፣ አሰናጁ የሚጽፈው ማጠቃለያ የፍርድ ቤቱ ሐሳብ አካል እንዳልሆነ ተናገረ፤ ይህም ማሳሰቢያ ዛሬ በእያንዳንዱ ውሳኔ መግቢያ ላይ ይታተማል።

መልስ 10 እና 11

አሥረኛው መላሽ፣ ይህ የማጠቃለያ ጉዳይ እንጂ የቅጂ ምርጫ ጉዳይ ስላልሆነ ከርእሱ ወጥተናል አሉ፤ በቁጣ ባይሆንም በምሬት። አሥራ አንደኛው ግን ተከላከሉላቸው። ዳታቤዞች የየራሳቸውን ማጠቃለያ ስለሚጨምሩ፣ አንድ ቅጂ መምረጥ ማለት ከፍርዱ ጋር የተሰፋውን የሌላ ሰው ጽሑፍም መምረጥ ነው ሲሉ አስረዱ። በዚህም ላይ የታሪክ ማብራሪያ ጨመሩ። የቀድሞዎቹ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጾች በአሰናጆቻቸው ስም ይጠሩ ስለነበር፣ የ1803ቱ የማርበሪና የማዲሰን ጉዳይ ዛሬም በሁለት ቁጥር ይጠቀሳል፤ በይፋዊው ተከታታይ 5ኛ ቅጽ ሲሆን በአሰናጁ በክራንች ስም ደግሞ 1ኛ ቅጽ ነው፤ ገጹም 137 ነው። ሄንሪ ዊተን የተባለው አሰናጅ፣ በእሱ ቦታ የተተካው ሪቻርድ ፒተርስ የቀድሞዎቹን ቅጾች አሳጥሮ በርካሽ በማሳተሙ ሲከሰው፣ ፍርድ ቤቱ በ1834 በዳኞች ሐሳብ ላይ ማንም አሰናጅ የቅጂ መብት ሊኖረው እንደማይችል ወሰነ። ዛሬ አንድ ፍርድ በብዙ አሳታሚ እጅ የሚገኘው በዚህ መንገድ ስለተጠረገለት ነው። አሥረኛው መላሽ ከዚህ በኋላ አልተመለሱም።

መልስ 12

አሥራ ሁለተኛው መላሽ የቋንቋን ነገር አነሱ። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች በኅብረቱ ቋንቋዎች ይወጣሉ፤ ዳኞቹ የሚመካከሩትና ረቂቁን የሚጽፉት በፈረንሳይኛ ነው፤ በሥነ ሥርዓት ደንቡ መሠረት እምነት የሚጣልበት ጽሑፍ ግን ጉዳዩ በተካሄደበት ቋንቋ ያለው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በጀርመንኛ ተካሂዶ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ ውስጥ ባለ አንድ ቃል ላይ ክርክሩን የሚገነባ ጸሐፊ የቆመው በትርጉም ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የሚያወጣውን ፍርድ ሲቋጭ ከሁለቱ የትኛው የበላይነት እንዳለው ይናገራል። ያንን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሳያዩ መጥቀስ ያሳፍራል አሉ። በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሁለቱም ቋንቋዎች እኩል ስለሆኑ፣ ጥርጣሬ ሲነሳ ሁለቱን ማየት እንጂ አንዱን መምረጥ መፍትሔ አይሆንም።

መልስ 13፣ 14 እና 15

አሥራ ሦስተኛው መላሽ የላውሲንና የጣሊያንን ጉዳይ አቀረቡ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት በኅዳር 2009፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ መስቀል መሰቀሉ መብት ይጥሳል ሲል ወሰነ፤ ታላቁ ችሎት በመጋቢት 2011 ይህን ሽሮ ጥሰት የለም አለ። ሁለቱም ፍርዶች አንድ ስምና አንድ የማመልከቻ ቁጥር ስላላቸው፣ ቀንና ችሎት ያልጠቀሰ ጸሐፊ አንባቢውን ወደ ተሻረ ፍርድ ሊመራው ይችላል።

አሥራ አራተኛው መላሽ በአጭሩና በሻካራ አነጋገር፣ ይህ የቅጂ ልዩነት ሳይሆን የሁለት ፍርዶች ልዩነት ነው፤ ይህን ያልለየ ሰው ስለ ማጣቀሻ ሌላውን ባያስተምር ይሻላል አሉ። አሥራ ሦስተኛው ተመልሰው፣ ልዩነቱን ከማንም በፊት እንደሚያውቁት፣ አንባቢ በተሳሳተ ጽሑፍ ላይ ሲወድቅ ግን የውድቀቱ ስም ምን ይባላል ብሎ እንደማይጨነቅ ጻፉ። በጥብቅ አነጋገር ትክክሉ አሥራ አራተኛው ነው፤ በሥራ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲታይ ግን የአሥራ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ከፊደል እርማት ሁሉ ይበልጣል። ስድቡ ባይጨመር ደግሞ ሁለቱም መልሶች ባጠሩ ነበር።

መልስ 16 እና 17

ቀጥለው የጻፉት ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወሰዱን። በ2023 በኒው ዮርክ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በማታና በአቪያንካ አየር መንገድ ጉዳይ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ውሳኔዎች ጠቅሰው በመገኘታቸው 5,000 ዶላር እንደተቀጡ ተነገረ። አሥራ ሰባተኛው፣ የሌለ ፍርድ ቅጂ ስለሌለው ነገሩ ከርእሳችን ውጪ ነው አሉ። እኔ ግን ለመነሻ ሐሳቤ ጥሩ ምስክር አድርጌ ወስጄዋለሁ፤ ሰው የሚጠቅሰውን ቅጂ የመክፈት ግዴታ አለብኝ ብሎ ቢያምን ኖሮ፣ የሚከፈት ነገር እንደሌለ ከችሎቱ በፊት ራሱ ይደርስበት ነበር።

መልስ 18

በአንድ የሕግ መጽሔት አርታኢ የሆኑ መላሽ፣ ከጸሐፊዎች የሚደርሷቸው የድረ ገጽ አድራሻዎች ከዓመት በኋላ ባዶ ገጽ ላይ እየጣሉ እንዳስቸገሯቸው አጫወቱን። በሃርቫርድ የተደረገ ጥናት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት የድረ ገጽ አድራሻዎች ግማሽ ያህሉ ወደተጠቀሰው ጽሑፍ እንደማያደርሱ አሳይቷል። ስለዚህ ገና በቅጽ ያልወጣን ፍርድ የሚጠቅስ ጸሐፊ በአድራሻው ላይ ብቻ እንዳይመካ፣ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ሙሉ ቀኑንና ካለም የታረመበትን ቀን እንዲያሰፍር ይጠይቃሉ። በአንጻሩ ለአንድ ውሳኔ ከየህትመቱ አራት አምስት ትይዩ ማጣቀሻዎችን የሚደረድር ጸሐፊ ሲያጋጥማቸው፣ በየትኛው እንዳነበበ ጠይቀው የቀሩትን ይሰርዛሉ። ይህን ሳነብ ደስ ማለቱ አልቀረም።

መልስ 19

ጥያቄ ብቻ ነበር። የቅጹ ቁጥር ታውቆ ገጹ ገና ያልታወቀ ውሳኔ እንዴት ይጠቀስ? በተለምዶ በገጹ ቦታ ባዶ መስመር ተትቶ «572 ዩ.ኤስ. ___ (2014)» ተብሎ እንደሚጻፍ («ዩ.ኤስ.» የዩናይትድ ስቴትስ ሪፖርትስ ምህጻረ ቃል ነው)፣ የተፈለገው ቦታ በዕለቱ ለብቻው በወጣው ቅጂ ገጽ እንደሚጠቆም፣ ቅጹ ሲወጣ ግን ይህ ሊታረም እንደሚገባ ተመለሰላቸው። የኢኤምኢ ሆመር ሲቲ ጉዳይ ዛሬ በ572ኛው ቅጽ ገጽ 489 ላይ ይገኛል፤ በዚያን ጊዜ የተጻፉ መጣጥፎች ግን ባዶውን መስመር እንደያዙ ቀርተዋል።

መልስ 20

የመልስ 2 ጸሐፊ ተመልሰው መጡ። የሦስተኛው ምሳሌ በዕለቱ ለሚወጣው ቅጂ እንጂ ተጠርዞ ለወጣ ውሳኔ እንደማይሠራ፣ በኮከብ የተመለከቱ ገጾችም ከተጠረዘው ቅጽ የተወሰዱ ከሆኑ መጽሐፉን መግለጥ አሁንም ትርፍ ድካም እንደሆነ ጸኑ። ይሁን እንጂ ገና ባልተጠረዘ ውሳኔ ላይ ዳታቤዙንና ያዩበትን ቀን መጥቀስ ተገቢ ነው እስከሚለው ድረስ መጥተዋል። ይህን ያህል ከተቀራረብን በመካከላችን የቀረው፣ የዳታቤዙ ጽሑፍ በእርግጥ ከተጠረዘው ቅጽ ጋር ተመሳክሯል ወይ የሚለው ብቻ ነው። ለዚህም የቀረበልኝ ማስረጃ የአሳታሚው ቃል እንጂ ሌላ አይደለም። በሌላ ሰው ማመሳከር ላይ የተመሠረተ ምስክርነት በገዛ ዓይን እንደታየ ሆኖ መቅረቡ ዛሬም አይዋጥልኝም፤ ቃል በቃል የሚጠቀስ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ደግሞ ከቶ አልቀበለውም።

መልስ 21

የመጨረሻው መላሽ አዲስ ችግር ጨመሩ። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ጀምሮ፣ ከአገሮች ፍርድ ቤቶች በሚቀርቡለት ጥያቄዎች ውስጥ የግለሰቦችን ስም በፊደላት ይተካል፤ በአገሩ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ወይም በጋዜጣ ግን ሙሉ ስሙ ሊገኝ ይችላል። ጸሐፊው ሁለቱንም አንብቦ ከሆነ በየትኛው ስም ይጥቀስ ሲሉ ጠየቁ። የእኔ መልስ ፍርድ ቤቱ ባወጣው ስምና በጉዳዩ ቁጥር ብቻ የሚል ነው፤ ሙሉ ስሙን ያገኘበትን ሌላ ቅጂ ማንበቡን ለመግለጽም ስሙን መጻፍ አያስፈልገውም።